ሳይሞላ የሚያድር ባትሪ

ጎህ ሊቀድ ሲል ክሊፍ ኢቦትሰን ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ልጁን አያት። ጂል በሌሊት ካባዋ ታች መተላለፊያው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሶኬቱ ላይ ያለችውን ማብሪያ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። ቀጭ አለች። አባቷ ጉልበቱ ስለደከመ ተቀምጦ ከሚሄድበት የኤሌክትሪክ ስኩተር አጠገብ መሬት ላይ የተቀመጠው ቻርጀር ቀይ መብራቱ ቦግ አለ። ጂል መብራቱን አየት አደረገችና ቀና ብላ፣ በባዶ እግሯ፣ ኮቴዋን ሳታሰማ ወደ ማድ ቤት ገባች። ወዲያው ለሻይ ውሃ ስትቀዳ ተሰማ።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ምስጋና ነበር። ይኸው፣ አንተ ዝንጉ ረስተኸው አድረህ ልጅህ አበራችልህ አለ በልቡ። «ተባረኪ» ሊላት አፉን ሲከፍት ግን የትናንት ማታው ትዝ አለው። ትናንት ማታ በራሱ እምነት ስላጣ፣ ማብሪያውን ከተጫነ በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ የያዘው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀዩን መብራት ሲያይ ነበር። «በርቷል። ክሊፍ፣ በርቷል፤ ራስህ ነህ ያበራኸው» እያለ ጮክ ብሎ ለራሱ ነግሮታል። ጂልም ሳሎን ቴሌቪዥን እያየች «ከማን ጋር ነው የምታወራው አባዬ?» ብላ ስቃበታለች። የበራ ነገር ሰው ካላጠፋው በራሱ አይጠፋም። እሱ ከተኛ በኋላ ያጠፋችውን፣ እሱ ሳይነሳ መልሳ እያበራችው ነው። ሌላ ትርጉም ቢፈልግለት አጣ። የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆየና ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነገሩን ሲያገላብጥ ነጋ። ክሊፍ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባትሪ ሰው ነበር። ሼፊልድ ውስጥ ወተት በጠርሙስ በየደጁ በሚታደልበት ዘመን፣ ወተት የሚያዞሩት የኤሌክትሪክ መኪኖች እኩለ ቀን ላይ ደክመው ሲገቡ የሚቀበላቸው እሱ ነው። ገመዳቸውን ይሰካል፣ አሲዱን ይለካል፣ የባትሪ ውሃ ይጨምራል፣ ጋዙ እንዲወጣ መስኮቱን ይከፍታል። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚደጋግማት አንዲት ነገር ነበረችው፤ «ባትሪን ሥራ አይገድለውም፣ ረሃብ ነው የሚገድለው»። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ብዙም ይሥራ ጥቂት፣ ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር ጥግብ ብሎ መሙላት አለበት። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቀበላል፤ የመጨረሻዋ ጥቂት ግን ቀስ ብላ ነው የምትገባው፣ ሌሊቱን ትፈልጋለች፣ ቁም ነገሩም እሷ ነች። መሙላቱን የሚያበስረው አረንጓዴ መብራት ሳይበራ ያቋረጠ ሰው ግማሽ ራት አብልቶ እንዳስተኛው ይቆጠራል። ሳይሞላ ባደረ ቁጥር ውስጡ ያለው እርሳስ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊቱ ይጠጥራል፤ የጠጠረው ቦታ ከዚያ ወዲያ ምንም ቢሰኩት አይቀበልም። ከውጭ ሲያዩት ባትሪው ያው ባትሪ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ዳገት ላይ ሲቀር ነው።

እሱም የቀረው ዳገት ላይ ነበር። ሚስቱ ዶሪን የምትኖርበት የአረጋውያን ማረፊያ ከክሩክስ ዳገት ጫፍ ነው፤ የእሱ ጉልበት ደግሞ ከበሩ እስከ አጥሩ ካደረሰው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በዚያች ባለ አራት ጎማ ስኩተር ቁጭ ብሎ ይወጣል። ዶሪን ብዙ ነገር ረስታለች። እሱን ያልረሳችው በየቀኑ ስለምታየው ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም አልሰማም፣ ደርሶበት ነው ያወቀው። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ጥሎት ሳይሄድ ሰንብቶ ሲመለስ፣ «አይ ጥሩ፣ የቧንቧ ሠራተኛው መጣ» ብላ ተቀበለችው። ተመልሶ ባል እስኪሆን ድረስ ስንት ቀን ስለሚያንጠባጥበው የቧንቧ አፍ አብሯት አወራ። ጂል ከዶንካስተር የመጣችው በዚያው ጉንፋን ጊዜ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ብላ፣ ባሏን ትታ። እንደ መጣች ቀረች።

ስኩተሩ መድከም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በጸደይ በመቶ ዘጠና ፓውንድ ሁለት አዲስ ባትሪ አስገባ፤ ቅጠል ሳይረግፍ እነሱም ሞቱ። አንድ ጊዜ በዝናብ ዳገቱ መሀል ቆሞ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ገፍተው ቤቱ አድርሰውታል። በዚያን ቀን ከሐፍረቱ የተነሳ ፊታቸውን እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ጂል ፎጣ ይዛ ተቀበለችውና «አባዬ፣ ማታ ማብራቱን ረስተሃል እኮ። ጠዋት ስነሳ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት» አለችው። አመናት። ልጁ ናት፣ ምን ብሎ አያምናትም? አምኗትም አልቀረ፣ ሐኪሙ ዘንድ ይዛው ሄዳ ሐኪሙ «ነገር ይረሳሉ?» ሲለው፣ ያን ሁሉ መኪና ሲያሞላ የኖረው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ «አዎ፣ የገዛ ባትሪዬን ማሞላት እረሳለሁ» ብሎ በራሱ ላይ መሰከረ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ! ከዚያ ምስክርነት የተነሳ ነው ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ሴትዮ የምትመጣው። ብቻውን መኖር ይችል እንደሆነ፣ ስኩተርም መንዳት ይገባው እንደሆነ አይታ ትወስናለች።

ወደ ማድ ቤት ሲወርድ ጂል ዳቦ ጠብሳ ቂቤ እየቀባች ነበር። ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ማቀዝቀዣው አይከፈትም። ስለ ቂቤ ዋጋ አወራች፤ አራት ፓውንድ ሊገባ ነው፣ ድሮ ሁለት የሚገዛበት ገንዘብ ነው አለች። እሱ የእንቁላሉን ቅርፊት ይልጣል። እንድትነግረው ፈለገ። ከራሷ አፍ ቢወጣ ይቅር ለማለት አልጋው ላይ ሳለ ወስኗል፤ እንዲያውም ንግግሩን አዘጋጅቶ ነው የወረደው።

«ቻርጀሩ ደህና አደረ?» አላት።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ።»

«ገና ቀይ ነው እኮ።»

«እንግዲህ አርጅቷል፤ ወይ ዘግይተህ ነው ያበራኸው።» ቂቤው ከዳቦው ጥግ እስከ ጥግ እኩል ተቀባ።

ክሊፍ እንቁላሉን ጨው ነሰነሰበትና ሳይበላ አስቀመጠው። «ጂል፣ ደክሞሽ ከሆነ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ባልሽም ናፍቆሻል። እኔ ቅር አይለኝም፣ መርቄ ነው የምሸኝሽ።»

«ደግሞ ማን ደከመኝ አለ? ዶንካስተር እኛ ጋ ያለውን የአረጋውያን ክፍል ብታየው እኮ ይህን አታወራም ነበር። ሊፍት አለው፣ ሞቃት ነው፣ እኔ በአምስት ደቂቃ እደርስልሃለሁ።»

«እናትሽስ?»

«እሁድ እሁድ እወስድሃለሁ አልኩህ እኮ አባዬ።»

«እሁድ እሁድ ከሆነ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» አለ። ጂል ሳቀች፣ እሱ ግን የተናገረው ለቀልድ አልነበረም። ልጁ ምን እንደፈለገች አሁን ገባው። ቤቷ መሄድ ትፈልጋለች፣ ትታው ስትሄድ ግን የምትባለውን መስማት አትፈልግም። እሱ አእምሮው ደከመ ከተባለ ግን ዶንካስተር ይዛው ብትሄድ የሚወቅሳት የለም። «ደከመኝ» የምትል አንዲት ቃል ከአፏ ማውጣት አቅቷት፣ የእሱን ጭንቅላት በሌሊት ቀስ እያለች ስትሰርቅ ከረመች። ሳህኑን ወደ ማጠቢያው ወስዶ ለእንግዳዋ ብስኩት ሊገዛ ወጣ።

የናዚር ሱቅ መንገዱ ጫፍ ላይ ናት፤ ጤነኛ ሰው ሲጋራ ሳይጨርስ ይደርሳል። ስኩተሩ ሜዳውን ደህና ሄደ። ናዚር ካርቶን እየከፈተ ነበር፤ ከሩቅ ሲያየው እንደ ልማዱ ተረበው።

«ክሊፍ! ፈረሱ ዛሬ ገብስ በልቷል ወይስ ደግሞ ጦሙን አሳደርከው?»

ክሊፍ ዕለት ዕለት የሚስቅበት ቀልድ ነው። ዛሬ ግን «ጦሙን አሳደርከው ስትል? ማን ነገረህ?» አለው።

ናዚር ካርቶኑን አስቀመጠ፤ ደንገጥ ብሏል። «ጂል ነቻ። ክፉ አላለችም፣ አስባ ነው። ማታ ማታ ማሞላቱን ይረሳል፣ መንገድ ላይ ግራ ገብቶት ካየኸው ደውልልኝ ብላ ስልኳን ሰጥታኛለች። ፋርማሲውም ጋ፣ ፖስታ ቤቱም ጋ ሰጥታለች። እኔ እኮ ከፈለግህ እዚሁ ሱቄ ሶኬት ላይ ሰካው ልልህ ነበር።»

«አመሰግናለሁ» አለና ባለ ሁለት ፓውንዱን ብስኩት ገዛ፤ ባለ አንዱ ይበቃ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ባየው ቁጥር ሲያዝንለት ከርሟል ማለት ነው። በፋርማሲው ውስጥ ልጅቷ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ እየደጋገመች ስታስረዳው «እንዴት ያለች ትሑት ልጅ» ይል ነበር። ለዚያ ነበር ለካ። ሲመለስ ያለችው ትንሽ ሽቅብ ላይ የስኩተሩ የባትሪ መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ ወደቀች፤ ሞተሩ አቃሰተ። እንደምንም በሩ ድረስ አደረሰችው። ገመዱን ሰካ፣ ማብሪያዋን ተጫነ፣ ቀዩ በራ። እንደማይጠቅም ያውቃል። የጠጠረ ጠጥሯል።

የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ በሰዓቷ መጣች። ስሟ ሮዌና ነው፤ አርባዎቹ ውስጥ የሆነች፣ ፊቷ የሚስቅ፣ ጫማዋን በር ላይ ላውልቅ ብላ የጠየቀች ጨዋ ሴት። ሳሎን ተቀመጡ። ጂል ጥሩውን ስኒ አውጥታለች፤ ብስኩቱንም እንደ አበባ ዙሪያውን ደርድራዋለች። ሮዌና ቀኑን ጠየቀችው፣ መለሰ። ወሩን፣ ከተማውን፣ ከመቶ ወደ ኋላ በሰባት በሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ጠየቀችው፤ እሱንም ተወጣው። ሮዌና ደስ አላት፤ ክሊፍም ለአፍታ ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ ኮራ። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ስኩተሩ መጣች።

«ማታ ማታ ማሞላቱን እንደሚረሱ ለሐኪምዎ ነግረዋል፤ እውነት ነው ሚስተር ኢቦትሰን?»

«ብያለሁ። ተሳስቼ ነው ያልኩት፤ ረስቼ አላውቅም። እኔ ከተኛሁ በኋላ የሚያጠፋው ሰው አለ።»

የጂል ስኒ ከማስቀመጫዋ ጋር ኳ አለች። ሮዌና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማነው የሚያጠፋው?»

ክሊፍ ልጁን አያት። እስከ አሁን፣ እስከዚህች ደቂቃ ድረስ፣ ራሷ ትናገራለች ብሎ ይጠብቅ ነበር። ሲያያት ዓይኗን ወደ ብስኩቱ ሰበረች። «ጂል ናት» አለ። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ በዓይኔ አይቻታለሁ። ማታ ታጠፋዋለች፣ ጠዋት ሳልነሳ ታበራዋለች። ባትሪው በየቀኑ ሳይሞላ ነው የሚያድረው፣ ለዚህ ነው የሞተው። እኔ ይህን ሥራ ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት የኔ ልጅ፣ አትጠራጠሪ።» ረጋ ብሎ ነበር የጀመረው፤ ወደ መጨረሻው ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ራሱን ሲሰማው እንኳ የታመመ ሰው ይመስል ነበር።

ሮዌና ወደ ጂል ዞረች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ መጠየቅ ያለባትን ጠየቀች። «ጂል፣ ማብሪያውን ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

መንገዱ ላይ አውቶቡስ አለፈ። ክሊፍ ልጁ ትንሽ ሆና ብስክሌት ያለማመዳት ጊዜ እንዳደረገው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«እኔ አልነካሁትም» አለች ጂል። እንባዋ መጣ፤ እውነተኛ እንባ ነው። «ከሰሞኑ እንዲህ ማለት ጀምሯል። የምችለውን ሁሉ ነው የማደርግለት።»

ሮዌና ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ መሶቡን ገልጣ የጠበቀችውን እንዳገኘች ሰው። «እንዲህ ያለው ያጋጥማል» አለች፣ ሁለቱንም እያየች። «ሰው ነገር ሲጠፋበት በጣም የሚቀርበውን ሰው ይጠረጥራል። የማንም ጥፋት አይደለም። ሚስተር ኢቦትሰን፣ አልተቆጣሁም እሺ? የማስታወስ ምርመራ የሚያደርጉ ሐኪሞች ዘንድ እልክዎታለሁ። እስከዚያ የስኩተሩ ቁልፍ ጂል ጋ ይቆይ፤ ለደኅንነትዎ ነው።» ክሊፍ ገባው። ምን ቢል የሚጨምረው ለእነሱ ነው። ቢጮህ አበደ ነው፣ ዝም ቢል አመነ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሮዌና ስትወጣ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ ስለ ብስኩቱም አመሰገነች።

ጂል ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች። ክሊፍ ግድግዳውን እየደገፈ ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። ቧንቧውን ከፍታ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ከእናቷ የወረሰችው ሰፊ ትከሻ አላት፤ አሁን ወደ ጆሮዋ ተሰብስቧል።

«ጂል» አላት። «ለሴትዮዋ ያልሽውን ትቼልሻለሁ። ዶንካስተርም ውሰጂኝ፣ ቤቱንም ሽጪው። አሁን ማንም የለም፣ እኔና አንቺ ብቻ ነን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠዋት ያየሁት እውነት ነው በይኝ።»

ውሃው ፈሰሰ። የታጠበውን ስኒ መልሳ አጠበችው። ትከሻዋ ከፍ አለ፣ የምትናገር መሰለው፤ ልቡ ቀድሟት «አይዞሽ» ሊላት ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ሳትዞር፣ ለሕፃን በሚነገርበት ድምፅ «ደክሞሃል አባዬ። ሂድ ትንሽ ጋደም በል» አለችው።

ይህኛው ከሁሉ ከፋ። ሰው ፊት መዋሸት ያለ ነው፣ ሰው ይፈራል፣ ያፍራል። ማንም በሌለበት፣ ዶንካስተርም ቤቱም ተሰጥቷት ካበቃ በኋላ፣ የእሱን አእምሮ ልትመልስለት አልፈለገችም። ወደ ሳሎን ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ለአፍታ፣ በርግጥ ለአፍታ ብቻ፣ ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር ወይስ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ አለምኩት ሲል ራሱን ጠየቀ። መጠየቁ አስደነገጠው። የሚያምነው አንድ ሰው ካላገኘ እስከ ነገ እሱም ራሱን እንደማያምን ተረዳ። ስልኩን አነሳና የማረፊያውን ቁጥር ደወለ፤ ተረኛዋ «አዎ፣ ነቅታለች» ብላ ለዶሪን ሰጠችለት።

«ማን ልበል?» አለች ዶሪን።

«ክሊፍ ነኝ።»

«አንተ! የት ቀረህ? ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ፣ ወንበርህንም ያቺ ጠጉሯን ሰማያዊ የተቀባችው አሮጊት ልትወስድብህ ነው።»

«መምጣት አልቻልኩም ዶሪን። ስኩተሩ ሞተ። ሌሊት ሌሊት ቻርጀሩን የሚያጠፋብኝ ሰው አለ።»

«ያንተን? የወተቱን መኪና ሁሉ ስታሞላ የኖርከውን ሰውዬ? ማነው ደፋሩ?»

«አንዲት ሴት ናት። እዚሁ ቤት ናት ያለችው፤ በዓይኔ አየኋት። ሰዉ ግን አላመነኝም።»

«አንተ መቼ ዋሽተህ ታውቃለህ? እኔ ግን ገርሞኛል፣ ሴቲቱን እስካሁን ምን ታደርግልኛለች ብለህ ነው? አውጣታ ከቤቴ!»

ክሊፍ ሳቀ። በዚያን ቀን የሳቀው ያኔ ነው፤ እንባውም አብሮ መጣ። ታምነዋለች። እስከ ራት ሰዓት ትረሳዋለች እንጂ አሁን ታምነዋለች።

«በል እንጂ፣ ማናት እሷ?» አለች ዶሪን።

«ልጃችን ናት።»

ዶሪን ከልቧ ግራ ገብቷት «እኛ ልጅ አለን እንዴ?» አለችው።

የማድ ቤቱ ቧንቧ ተዘግቷል። ጂል ፎጣውን እንደያዘች የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስልኩ ጮክ ብሎ የሚናገር የሽማግሌ ስልክ ስለሆነ ጥያቄውን ሰምታዋለች። ፊቷ አመድ መስሎ መልሱን ትጠብቃለች። ክሊፍ ዓይን ዓይኗን አየ።

«የለንም ዶሪን» አለ።